የጎደለው ወንበር የማን ነው? ስለ ማሟያ ምርጫና ስለ ጎንደር መራጭ

አንድ የክልል ምክር ቤት አባል ዛሬ መልቀቂያ ጽፎ ባሕር ዳር ለአፈ ጉባኤው ቢያስገባ፣ ጎንደር ያለው መራጩ መቼ ይሰማል? ከማንስ ይሰማል? እስኪ አጠገባችሁ ያለውን ሰው ጠይቁ። ፒያሳም ሁኑ አዘዞ፣ መልሱ ያው ነው። ብዙው ሰው የክልል ተወካዩን ስም እንኳ ወዲያው አያስታውስም። ለፌዴራል ፓርላማ የመረጠውን ምናልባት በቴሌቪዥን አይቶት ይሆናል። የክልሉን ግን ከምርጫው ዘመቻ ወዲህ አላየውም። ያላየው ሰው መልቀቁን በምን ያውቃል?

በሁለት ጠቅላላ ምርጫዎች መካከል አንድ ወንበር ሲጎድል፣ ያንን ወንበር ብቻ ለመሙላት የሚደረገው ምርጫ ማሟያ ምርጫ ይባላል። ተመራጩ ሊሞት ይችላል። በፈቃዱ ሊለቅ ይችላል። መራጩ አመኔታ አጥቶበት ሊያወርደውም ይችላል። ነገሩ ለሕጋችን እንግዳ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162 ማሟያ ምርጫን ከጠቅላላ ምርጫ፣ ከአካባቢ ምርጫና ከድጋሚ ምርጫ ለይቶ ያስቀምጠዋል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 12 ሕዝብ በመረጠው ተወካይ ላይ አመኔታ ካጣ ከቦታው ሊያነሳው እንደሚችል ይደነግጋል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ መሠረቱ አለ። የሚጎድለው ሌላ ነው።

የእኔን አቋም ከመነሻው ልናገር። ወንበሩ የመራጩ ነው። የተመራጩም የፓርቲውም አይደለም። እንዲህ ከሆነ ደግሞ ወንበር ሲጎድል ሁለት ነገር መሆን አለበት። አንደኛ፣ መጉደሉ ለመራጩ በይፋ ይነገረው። ሁለተኛ፣ የሚሞላበት ቀን በቁርጥ ይታወቅ። ሁለቱም እስካሁን የለመድናቸው ነገሮች አይደሉም።

«አንድ ወንበር ቢጎድል ምን ይመጣል?» የሚል ሰው አለ። የአማራ ክልል ምክር ቤት 294 መቀመጫ አለው። ከ294 አንዱ ጎደለ ብሎ የሚቆም ሥራ የለም። በጀቱ ይጸድቃል፣ አዋጁ ይወጣል። ይህ እውነት ነው። ግን ጉዳዩን ከባሕር ዳር ሳይሆን ከምርጫ ክልሉ ሆኖ ለሚያየው ሰው ከ294 አንዱ አይደለም የጎደለው። የሱ ተወካይ ነው የጎደለው።

ደግሞም የክልል ምክር ቤት ትንሽ ነገር አይደለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 50 መሠረት የክልሉ ከፍተኛ የሥልጣን አካል ነው፤ ተጠሪነቱም ለወከለው ሕዝብ ነው። የክልሉን በጀት የሚያጸድቀው እሱ ነው። ርዕሰ መስተዳድሩ የሚሾመው እዚያ ነው። የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞችም እንዲሁ። የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላትን ራሱ ይመርጣል ወይም በሕዝብ እንዲመረጡ ያደርጋል። ሕገ መንግሥቱ ይሻሻል የሚለው ወሬ በየጊዜው ይነሳል። አንቀጽ 105ን ያነበበ ሰው እንደሚያውቀው፣ ስለ ሰብዓዊና ዴሞክራሲያዊ መብቶች የሚናገረውን ምዕራፍ ለመቀየር የሁሉም ክልሎች ምክር ቤቶች በድምፅ ብልጫ መስማማት አለባቸው። ለቀሪው ክፍል ደግሞ ከክልሎቹ ሁለት ሦስተኛው ይበቃል። ማለትም አገር የሚቀይር ነገር ሲመጣ የጎንደር ሰው ድምፅ የሚሰማው በአዲስ አበባው ፓርላማ ብቻ አይደለም። በባሕር ዳሩም አዳራሽ ነው።

ከሕገ መንግሥቱ ወረድ እንበልና የጎንደርን ውሃ እንይ። የአንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ አቅሙ መዳከሙ ለከተማው ሰው አዲስ ወሬ አይደለም። የመገጭ ግድብ ደግሞ ከአሥር ዓመት በላይ ሲጓተት የኖረ የፌዴራል ፕሮጀክት ነው። በመካከሉ ያለው ነዋሪ ቢጫ ጀሪካኑን ይዞ ይጠብቃል። አቤቱታ ሲያቀርብ የከተማው መሥሪያ ቤት ወደ ክልል ይልከዋል። ክልሉ ወደ ፌዴራል ያሳየዋል። የፌዴራሉ መልስ ጎንደር ሲደርስ ክረምቱ አልፏል። የክልል ተመራጭ የቆመው በዚህ መሀል ላይ ነው። ግድብ አይገነባም፣ ቧንቧ አይጠግንም። ግን የክልሉን የቢሮ ኃላፊ በምክር ቤት ፊት አስነስቶ «ለጎንደር የተያዘው በጀት የት ደረሰ?» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው። ጥያቄውም መልሱም በቃለ ጉባኤ ይሰፍራል። ይህን ማድረግ የሚችለው እሱ ነው። ጋዜጠኛም፣ የዕድር ዳኛም፣ ሽማግሌም በዚያ አዳራሽ ተነስቶ መጠየቅ አይችልም።

ማራኪ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እናት አውቃለሁ። የሰፈሩ ሰው ስለ ውሃ መስመሩ ተፈራርሞ ለአንድ ተመራጭ አቤቱታ ሲሰጥ ወረቀቱን ያዞሩት እሳቸው ናቸው። ቅጂውን በላስቲክ ጠቅልለው ይዘውታል። ፊርማው በሰማያዊ እስክሪብቶ ነው፤ አንዳንዱ ሰው በጣቱ ፈርሟል። ጥቂት ቆይተው ጉዳዩ የት እንደደረሰ ለመጠየቅ ወደ አንድ ቢሮ ሄዱ። ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠው ልጅ በትሕትና ነው የመለሰላቸው። «እማማ፣ እሳቸው እዚህ የሉም። ተመድበው ሄደዋል።» «የሳቸውን ቦታስ ማን ያዘልኝ ልጄ?» «እሱን እንጃ።» ፋይሉስ? ፋይሉም አልተገኘም። ልጁ ክፉ አይደለም። የሚመልሰው መልስ ስላልነበረው ነው።

ይህ ታሪክ ዋናውን ነገር ያሳያል። በእኛ አገር ወንበር የሚጎድለው በአብዛኛው በመልቀቂያ ደብዳቤ አይደለም። «ተመደበ» በሚባለው ነው። የክልል ምክር ቤት አባል ብዙውን ጊዜ ሌላ ሥራ ያለው ሰው ነው። መምህር ነው፣ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ ነው፣ የፓርቲ ሰው ነው። ፓርቲው ወይም መንግሥት ወደ ሌላ ዞን፣ ወደ ሌላ ከተማ ወይም ወደ አዲስ አበባ ያዛውረዋል። ወንበሩ በስሙ ይቆያል። ሰውየው ግን ከመራጩ ይርቃል። በወረቀት ሙሉ፣ በተግባር ባዶ። ከእንዲህ ያለው ወንበር ይልቅ በግልጽ የለቀቀ ሰው መራጩን የበለጠ አክብሯል ብዬ አምናለሁ። ቢያንስ ደብዳቤው አለ። ቀኑ ይታወቃል። ከዚያ ቀን ጀምሮ መቁጠር ይቻላል።

ሌላም ዓይነት ጉድለት አይተናል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ ከታሰሩት መካከል የፌዴራልም የክልልም ምክር ቤት አባላት ነበሩ። የታሰረ ተመራጭ ወንበሩን በመታሰሩ ብቻ አያጣም። ስለዚህ ማሟያ ምርጫ የለም። ተወካይም የለም። ክስ ይኑርበት አይኑርበት፣ ጥፋተኛ ይሁን አይሁን፣ ያ የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው። የመረጠው ሕዝብ ግን በዚያ ሁሉ ጊዜ የሚጠይቅለት አጥቶ ከረመ። ለዚህ መፍትሔ ያዘጋጀ ሰው አላየሁም።

ዕድር ውስጥ ጸሐፊው «ሥራ በዛብኝ» ብሎ ሲለቅ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። በሚቀጥለው ስብሰባ ለአባላቱ ይነገራል። መዝገቡን፣ ማኅተሙንና ያለውን ገንዘብ ቆጥሮ ያስረክባል። ሌላ ሰው እዚያው ይመረጣል። ማንም «እስኪ ለጥቂት ዓመት ባዶውን ይቆይ» አይልም። ሕዝቡ ሥርዓቱን የማያውቅ ሆኖ አይደለም እንግዲህ።

ታሪካችን ምን ይላል?

ማሟያ ምርጫ በኢትዮጵያ ጎልቶ የታየው በ2000 ዓ.ም. ነው። መነሻው የግንቦት 7 ቀን 1997ቱ ምርጫ ነበር። ያን ጊዜ በአማራ ክልል ምክር ቤት ከ294ቱ መቀመጫ 106ቱን ያገኘው ቅንጅት ነበር። አሁን ላለው ወጣት ይህ ቁጥር ተረት ሊመስለው ይችላል። ከሦስተኛው በላይ የሚሆን ተቃዋሚ፣ በዚያው ክልል ምክር ቤት! ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ግርግሩ፣ ግድያው፣ እስሩ፣ ምክር ቤት አንገባም ያሉት ተመራጮች። ወንበሮች ባዶ ቀሩ። የተሞሉት መቼ ነው? በሚያዝያ 2000 ዓ.ም.፣ ከአካባቢ ምርጫ ጋር ተደርቦ ነው። ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ማለት ነው። ከአምስት ዓመቱ ዘመን ከግማሽ በላዩ አልቆ ነበር። ውጤቱም ለገዥው ፓርቲ ያደላ ነው ከማለት በላይ ነበር፤ ጠቅልሎ ወሰደው ማለት ይቀላል።

ከዚያ ልምድ ሁለት ነገር ተርፎናል። አንዱ ማሟያ ምርጫን ከሌላ ምርጫ ጋር ደርቦ ማካሄድ ነው። ወጪ ይቀንሳል፣ ድካም ይቀንሳል፤ ምክንያቱ ይገባኛል። ችግሩ የሚደረብበት ምርጫ ሲጠፋ ነው። የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶች ምርጫ በክልሎች ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በ2005 ዓ.ም. ነው። በ2010 ዓ.ም. መሆን የነበረበት ተላለፈ። ከዚያ ወዲህም አልተካሄደም። እንግዲህ ማሟያው ምርጫ «የአካባቢ ምርጫው ሲመጣ» ከተባለ፣ የማይመጣ ነገር እየጠበቀ ነው።

ሁለተኛው የተረፈን ነገር ጥርጣሬ ነው። ማሟያ ምርጫ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ተቃዋሚው የለቀቀውን ወንበር ገዥው ፓርቲ የሚወስድበት መንገድ እንደሆነ ነው። ይህን ጥርጣሬ በንግግር ማጥፋት አይቻልም። ደጋግሞ፣ በጊዜው፣ በግልጽ በማካሄድ ብቻ ነው የሚጠፋው።

በነገራችን ላይ ባዶ ወንበርን መልመዳችን በክልል ብቻ የቀረ አይደለም። በ2013ቱ ምርጫ በትግራይ ድምፅ አልተሰጠም። የክልሉ 38 የፌዴራል ፓርላማ መቀመጫዎች ያለ ተወካይ ነው ዘመኑ የተጀመረው። በጦርነት ምክንያት መሆኑ ይታወቃል። ግን አንድ አገር 38 ወንበር ባዶ ሆኖ ሕግ ማውጣት ሲለምድ፣ ጎንደር ላይ የሚጎድለው አንዱ ወንበር ማንን ያሳስባል?

ሌሎች እንዴት ያደርጉታል?

ከስኮትላንድ በስተሰሜን ሼትላንድ የሚባሉ ደሴቶች አሉ። ሕዝባቸው 23 ሺህ ገደማ ነው። ጎንደር በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ብቻ 207 ሺህ ሰው ነበራት፤ አሁን ያለውን እናንተ ገምቱት። የሼትላንድ ሰዎች ለኤድንብራው የስኮትላንድ ፓርላማ አንድ ተወካይ ይመርጣሉ። ይህ ፓርላማ ከእኛ የክልል ምክር ቤት ጋር የሚመሳሰል ነው። ተወካያቸው ታቪሽ ስኮት ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወንበሩን ይዞ ቆይቶ፣ በ2019 እ.ኤ.አ. ሐምሌ ውስጥ ለቀቀ። ምክንያቱም አልተደበቀም። በራግቢ ስፖርት አስተዳደር ሌላ ሥራ አገኘ። የማሟያው ምርጫ የተካሄደው ነሐሴ 23 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው። ሁለት ወር አልሞላም። ከመራጩ ሁለት ሦስተኛ የሚሆነው ወጥቶ ድምፅ ሰጠ። ወንበሩን ያንኑ ፓርቲ ወክላ የቀረበች ሌላ ተወዳዳሪ ወሰደችው።

እንዲህ የፈጠነው ሰዎቹ ከእኛ ስለሚሻሉ አይደለም። ሕጋቸው ወንበሩ በጎደለ በሦስት ወር ውስጥ ምርጫ ይደረግ ይላል። ጠቅላላ ምርጫው ከተቃረበ ብቻ ይዘለላል። በቃ። አፈ ጉባኤው ቀን መቁረጥ እንጂ «ይመች ይሆን?» ብሎ ማሰብ አይጠበቅበትም።

አሁን ወደ ጎረቤት እንምጣ። የኬንያ ሕገ መንግሥት የብሔራዊ ሸንጎው አፈ ጉባኤ ወንበር በጎደለ በ21 ቀን ውስጥ ለምርጫ ኮሚሽኑ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ፣ ምርጫውም በ90 ቀን ውስጥ እንዲካሄድ ያዛል። ግሩም ሕግ ነው። ሆኖም ባኒሳ የምትባል የማንዴራ ምርጫ ክልል አለች፤ ከእኛ ድንበር ጋር የምትዋሰን። ተወካይዋ በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ሞተ። ማሟያው ምርጫ የተካሄደው ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ዘጠና ቀን የተባለው ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ሆነ። ምክንያቱ የምርጫ ኮሚሽኑ ራሱ ኮሚሽነሮች አልነበሩትም። የቀድሞዎቹ ዘመናቸው አልቆ፣ አዳዲሶቹ ሳይሾሙ ረጅም ጊዜ አለፈ። በዚያው የኅዳር ቀን በ20ዎቹ የሚቆጠሩ ወንበሮች በአንድ ላይ ተሞሉ።

«እንግዲህ ሕግ ቢኖርስ ምን ዋጋ አለው?» የሚል ሰው ከዚህ ታሪክ የተሳሳተውን ትምህርት የወሰደ ይመስለኛል። የባኒሳ ሰው ዘጠና ቀኑ ማለፉን ያውቅ ነበር። ጋዜጣው ይቆጥር ነበር። ፍርድ ቤት ይኬድበት ነበር። መብቱ መጣሱን የሚለካበት ነገር በእጁ ነበረው። ጎንደር ላይ ወንበር ባዶ ቢሆን እኛ ከመቼ ጀምረን እንቆጥራለን? ስንት ቀን ሲያልፍ ነው «አሁንስ በዛ» የምንለው? ቁርጥ ያለ ቀን የምፈልገው ለዚህ ነው።

ኬንያ ሌላም የሚያስቀና ነገር አላት። የሸንጎ አባል ሚኒስትር ሆኖ ሲሾም ወንበሩን መልቀቅ ግዴታው ነው። ኦፒዮ ዋንዳዪ በ2024 እ.ኤ.አ. የኢነርጂ ሚኒስትር ሲሆን የኡጉንጃን ወንበር ለቀቀ፤ የዚያም ማሟያ ምርጫ በዚያው ኅዳር 18 ተካሄደ። የእኛ ሥርዓት የተለየ ነው። ሚኒስትር ከምክር ቤት አባላት መካከል እንዲሾም ሕገ መንግሥቱ ይፈቅዳል፤ ብዙ ፓርላሜንታዊ አገር እንዲያ ነው። ይህን እንቀይር አልልም። ግን ወንበሩን ይዞ ሩቅ የተመደበ ሰው ለመራጩ በዓመት ስንት ጊዜ ቀርቦ ይመልስ የሚለው በግልጽ መቀመጥ አለበት።

ማሟያ ምርጫ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው ብዬ ላታልላችሁ አልፈልግም። በሕንድ የካርናታካ ግዛት በ2019 እ.ኤ.አ. የጥምር መንግሥቱ ደጋፊ የነበሩ የግዛቲቱ ምክር ቤት አባላት በጅምላ መልቀቂያ አስገቡ። መንግሥቱ ወደቀ። በኅዳር 2012 ዓ.ም. በ15 ወንበሮች ማሟያ ምርጫ ተደረገ። 12ቱን በቦታው የተተካው ገዥ ፓርቲ፣ ቢጄፒ፣ ወሰደ። ከለቀቁትም ውስጥ ብዙዎቹ በአዲሱ ፓርቲ ስም ተመልሰው የተወዳደሩ ናቸው። መልቀቅ ራሱ የፖለቲካ መሣሪያ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ሆኖም በዚህም ቢሆን የመጨረሻውን ቃል የተናገረው መራጩ ነው። ወዶ መርጦ ይሆናል፣ ተታሎም ይሆናል። ቢያንስ ተጠይቋል።

ይበልጥ የወደድኩት የፈረንሳዮቹን ዘዴ ነው። እዚያ የብሔራዊ ሸንጎ ዕጩ ብቻውን አይቀርብም። ተተኪው አብሮ ይቀርባል፤ መራጩም ሁለቱን አይቶ ነው የሚመርጠው። ተመራጩ ቢሞት ወይም ሚኒስትር ቢሆን ተተኪው ይገባል። በፈቃዱ ከለቀቀ ግን ተተኪው አይገባም፤ ማሟያ ምርጫ ይደረጋል። ልዩነቱን ልብ በሉ። ሞት ያመጣው ጉድለት በተተኪ ይሸፈናል። ሰውየው ራሱ ያመጣው ጉድለት ግን ወደ መራጩ ይመለሳል። ለእኛ ሁኔታ፣ ምርጫ በየጊዜው ማካሄድ ከባድ ለሆነበት አገር፣ ይህ የሚታሰብበት ነገር ነው።

ለምን ሁለተኛ የወጣው ተፎካካሪ አይገባም?

ብዙ ጊዜ የሚነሳ ጥያቄ አለ። «በ2013 ሁለተኛ የወጣው ለምን አይገባም?» በፓርቲ ዝርዝር የሚመረጥበት ቦታ ቢሆን ይቻል ነበር። ስኮትላንድ ውስጥ ራሱ ከ129ኙ መቀመጫዎች 56ቱ በክልል ዝርዝር የሚሞሉ ናቸው። ከእነሱ አንዱ ቢለቅ ከዚያው ፓርቲ ዝርዝር ቀጣዩ ሰው ይገባል፤ ምርጫ የለም። የእኛ ምርጫ ግን በምርጫ ክልሉ ብዙ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል የሚል ነው። መራጩ የመረጠው ሰው ነው፤ ዝርዝር አይደለም። ሁለተኛ የወጣውን ማስገባት ብዙው ያልመረጠውን ሰው መሾም ይሆናል።

እዚህ ላይ ግን እምብዛም የማይወራበት ችግር አለ። የአማራ ክልል 138 የፌዴራል ምርጫ ክልሎች አሉት። የክልሉ ምክር ቤት ወንበር 294 ነው። ለክልል ምክር ቤት በአማካይ ከአንድ ምርጫ ክልል ከሁለት በላይ ሰው ይገባል ማለት ነው። አንድ ምርጫ ክልል ሦስት ሰው የሚልክ ቢሆን እንበል። ሁለቱ ከገዥው ፓርቲ፣ ሦስተኛው ከተቃዋሚ ሊሆን ይችላል፤ ተቃዋሚው በሦስተኛነት ውጤት ይገባል። ይህ ሦስተኛው ሰው ቢለቅስ? ማሟያው ለአንድ ወንበር ብቻ ስለሆነ የሚያሸንፈው አንደኛ የወጣው ነው። ይህ ደግሞ ያው ትልቁ ፓርቲ ይሆናል። ምርጫው ነጻ ሆኖ እንኳ ጥቂቱ ወገን ወንበሩን ያጣል። ስለዚህ ከትንሽ ፓርቲ የተመረጠ ሰው ሲለቅ ከትልቁ ፓርቲ ሰው ይልቅ ደጋግሞ ማሰብ አለበት። ደብዳቤው የሱ ብቻ አይደለም።

አሁን ጎንደር ላይ ማሟያ ምርጫ ይቻላል?

ሐቁን እንነጋገር። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ ጦርነት አለ። መንገድ የተዘጋበት፣ ኢንተርኔት የጠፋበት፣ ሰው ከሰፈሩ ለመውጣት የሰጋበት ጊዜ አልፏል፤ በብዙ ቦታ ገና አላለፈም። ምርጫ ማለት ደግሞ ወረፋና ሳጥን ብቻ አይደለም። የመራጮች ምዝገባ አለ። ዕጩ ተንቀሳቅሶ መናገር አለበት። ታዛቢ ጣቢያው ላይ መቀመጥ አለበት። የድምፅ መስጫ ወረቀቱ በሰላም ደርሶ፣ ውጤቱ በሰላም መመለስ አለበት። ፒያሳ ላይ ምርጫ ተደርጎ ከከተማው ጥቂት ወጣ ብሎ ያለው ሰው መምረጥ ካልቻለ፣ ያ የዚያ ሰው ምርጫ አይደለም። ሕዝቡ ፈርቶ በቤቱ እያለ ለይስሙላ የሚደረግ ማሟያ ምርጫን አልደግፍም። ጥርጣሬውን ያባብሰዋል እንጂ አያጠፋውም።

ይሁን እንጂ ጦርነት ሁሉንም ነገር አይከለክልም። ምርጫ ማካሄድ ባይቻል እንኳ መናገር ይቻላል። የአባልን መልቀቅ ለሕዝብ ማሳወቅ የሚፈልገው አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ጎንደር ስድስት ክፍለ ከተሞች አሏት፤ ፋሲል፣ ማራኪ፣ ጃንተከል፣ ዞብል፣ አራዳና አዘዞ ጠዳ። በእያንዳንዱ ጽሕፈት ቤት የማስታወቂያ ሰሌዳ አለ። የሠራተኛ ቅጥርና የጨረታ ማስታወቂያ የሚለጠፍበት ማለቴ ነው። እዚያ ላይ የተመራጮቹ ስም፣ ስልክ ቁጥርና ሕዝብ የሚያገኙበት ቀን ለምን አይለጠፍም? የለቀቀ ካለ «ከዚህ ቀን ጀምሮ ክፍት ነው» ተብሎ ለምን አይጻፍም? ይህ አዲስ አዋጅ አይጠይቅም። የክልሉ ምክር ቤት ጽሕፈት ቤት በራሱ ሊያደርገው ይችላል።

ሁለተኛው የሚቻል ነገር ርክክብ ነው። ከአንድ ምርጫ ክልል ከአንድ በላይ ተወካይ ካለ፣ የለቀቀው ሰው የያዘውን አቤቱታ ሁሉ ቆጥሮ ለቀሩት ያስረክብ። በስም፣ በቀን፣ በፊርማ። የማራኪዋ እናት ያዞሩት ወረቀት ከሰውየው ጋር አብሮ የሚመደብ ንብረት አይደለም።

ሦስተኛው ሕግ ይጠይቃል፤ ጊዜውም አሁን ነው። ሰባተኛው ጠቅላላ ምርጫ የ2018 ዓ.ም. ጉዳይ ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀመጠው የክልል ምክር ቤት ዘመኑን ሲጀምር፣ በመጀመሪያው ዓመት፣ የአባላት መልቀቅና የወንበር መጉደል እንዴት እንደሚታወጅ በአሠራር ደንቡ ያስገባ። አፈ ጉባኤው በምን ያህል ቀን ለምርጫ ቦርድ እንደሚያሳውቅ በቁጥር ይጻፍ። በጸጥታ ምክንያት ምርጫ የማይቻል ከሆነም ቦርዱ ይህንኑ በምክንያት፣ በይፋ ይናገር፤ ሁኔታውንም በየተወሰነ ጊዜ እንደገና ያጣራ። «ሁኔታዎች ሲመቻቹ» የሚለው ቃል ከዚያ ደንብ ውስጥ መግባት የለበትም። ያ ሐረግ ስንት ነገር እንዳስቀረብን ታውቃላችሁ።

ይህን ሁሉ ከምክር ቤቱ ብቻ መጠበቅ ደግሞ ሞኝነት ነው። የዘመቻ ሰሞን ዕጩዎች ወደ ሰፈር ይመጣሉ። ስለ መንገድ፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ሥራ እንጠይቃቸዋለን፤ መጠየቅም አለብን። በዚያው ላይ ሦስት አጫጭር ጥያቄዎች ይጨመሩ። ተመርጠህ ሌላ ቦታ ብትመደብ ወንበሩን ትለቃለህ ወይስ ይዘኸው ትሄዳለህ? ብትለቅ ለእኛ እንዴት ትነግረናለህ? የሰጠንህን አቤቱታ ለማን ታስረክባለህ? የሚመልስ ዕጩ ካለ መልሱ በሰፈሩ ሰው ፊት በጽሑፍ ይያዝ፤ እሱም ይፈርምበት። የፓርቲው ስም ምንም ይሁን፣ ያንን ወረቀት የሚፈርም ሰው ካገኘሁ ድምፄን እሰጠዋለሁ።